ጡረታ ወይስ ኤስኤስአይ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆቻችን የትኛው ክፍያ ይገባል

እናቴ በየወሩ ከምትቀበለው ኤስኤስአይ (ለችግረኛ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ላይ ሃምሳም ስድሳም ዶላር እየቆጠበች ባንክ ትተወው ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው። ከትራሷ ሥር አውጥታ ከረከቦቱ አጠገብ ዘረጋችልኝ፤ አራት ጊዜ ታጥፎ ጠርዙ ለስልሷል። በስሟ ያለው ገንዘብ ከሚፈቀደው 2,000 ዶላር ስላለፈ የሦስት ወር ክፍያ እንድትመልስ ይጠይቃል። «ስሞት ሬሳዬ አገሬ እንዲገባ ብዬ ነው፤ እናንተን ላስቸግር?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኛ የልጆቿ ነው። ቅጹን ሞላን፣ ክፍያው ሲጀመር እልል አልን፤ ቁጭ ብሎ ደንቡን ያስረዳት ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እስከ 1,500 ዶላር ድረስ ለቀብር ተብሎ በተለየ ሂሳብ ቢቀመጥ ከ2,000 ዶላሩ ውስጥ እንደማይቆጠር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ጎረቤቶቼን ወላጆች ወረቀት አይቻለሁ። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከስም ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ሁሉም ነገር «ሶሻል» ይባላል፤ ጡረታውም፣ የአካል ጉዳት ክፍያውም፣ ለችግረኛ አረጋዊ የሚሰጠው ድጎማም። የሚያስተዳድራቸው ቢሮ አንድ ነው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር። ደንባቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንዱ ቤት «አዲስ አበባ ቤት መኖሩ ምንም አያመጣም» ብሎ የሚመክረው እውነት ነው፤ እሱ የሚቀበለው ጡረታ ነውና። ያንኑ ምክር ኤስኤስአይ የምትቀበል እናት ብትከተለው ክፍያዋን ታጣለች።

ከዚህ በታች ያሉት የገንዘብ መጠኖች የ2026 ናቸው፤ አብዛኞቹ በየዓመቱ ጥር ላይ ይለወጣሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ሠርተው ነው ወይስ ቸግሯቸው?

ጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ ሰው ሠርቶ፣ ከደመወዙ ግብር ተቆርጦ ያገኘው መብት ነው። ባንክ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቢኖረው፣ ልጆቹ ሐኪሞች ቢሆኑ፣ አገር ቤት ሕንፃ ቢያቆም ማንም አይጠይቀውም። ኤስኤስአይ ደግሞ ዕድሜው 65 የሞላ፣ ወይም ማየት የተሳነው፣ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የማይችል፣ በዚያ ላይ ገቢውና ንብረቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ሰው የሚያገኘው ድጎማ ነው። አንድ ቀን እንኳ አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን በየወሩ ኪሱ ይታያል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ይመረመራል።

ጡረታ፦ 62፣ 67 ወይስ 70?

ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል። በዚህ ዓመት ግብር የተከፈለበት 1,890 ዶላር ገቢ አንድ ክሬዲት ያስገኛል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይያዝም። ስለዚህ 7,560 ዶላር ያገኘ ሰው፣ በሦስት ወር ውስጥም ቢያገኘው፣ የዓመቱን አራት ክሬዲት ጨርሷል። ባጭሩ አሥር ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝኑኝ የታክሲ ሾፌሮቻችን ናቸው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ክሬዲት የሚያገኘው ከተጣራ ትርፉ ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል የነዳጁ፣ የጥገናው፣ የመኪናው እርጅና ሁሉ ተደምሮ ትርፉ ወደ ዜሮ ከወረደ፣ በሚያዝያ ግብር ሲታሰብ የዳነው ገንዘብ በ67 ዓመቱ ከጡረታው ላይ ይጎድላል። የጡረታው መጠን የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው፤ የጎደለ ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላት ሕፃን ስትጠብቅ የኖረች እህትም እንዲሁ ናት፦ ዓመታቱ አልፈዋል፣ መዝገቡ ላይ ግን የሉም። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ ዛሬውኑ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን መዝገብ ከፍታችሁ የተጻፈላችሁን ገቢ ተመልከቱ።

በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜው 67 ነው። በዚያ ዕድሜ 1,000 ዶላር የሚደርሰው ሰው በ62 ቢጀምር 700 ብቻ ያገኛል፤ ቅነሳው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። እስከ 70 ቢታገሥ 1,240 ይሆንለታል። በ62 የጀመረው በአምስት ዓመት ውስጥ 42,000 ዶላር ይቀድማል፤ በ67 የጀመረው በየወሩ 300 እየበለጠ የሚደርስበት ዕድሜው ወደ 79 ሲጠጋ ነው። ከ67 ይልቅ 70ን የመረጠ የሚያተርፈው 82 ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነው።

ጤናው የታወከ፣ ሥራ ያጣ፣ ዕዳ ያለበት ሰው በ62 ቢጀምር አልወቅሰውም። በሥራ ላይ ያለ ግን ይጠንቀቅ፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ በዓመት ከ24,480 ዶላር በላይ ከሠራ፣ ከዚያ በላይ ላለው በየሁለት ዶላሩ አንድ ዶላር ይያዝበታል። ባለትዳር የሆነ ደግሞ ሚስቱን አስቦ ይወስን። ሚስት ሙሉ ዕድሜዋ ላይ ከጀመረች የባሏን የሙሉ ዕድሜ ጡረታ እስከ ግማሽ ልታገኝ ትችላለች። ባል ሲሞት ደግሞ የሱ ክፍያ ከራሷ የሚበልጥ ከሆነ ወደ እሱ ትዛወራለች። ስለዚህ እሱ ታግሦ ያሳደጋት እያንዳንዷ ዶላር ለእሷ ትተርፋለች። በእኛ ቤቶች ባል ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ይበልጣልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአካል ጉዳት ክፍያን በአጭሩ ልለፈው። ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያደርስ፣ ከሥራ የሚያግድ ሕመም ያስፈልጋል። ከክሬዲቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሃያው ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተገኙ መሆን አለባቸው፤ ለወጣት ያነሰ ይበቃል። ክፍያው አምስት ወር ተጠብቆ ይጀምራል፤ ሜዲኬር የሚባለው የጤና መድን ክፍያው ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ይመጣል። ታምሞ ሥራ ካቆመ በኋላ «ይሻለኝ ይሆናል» እያለ ዓመታት የሚያሳልፍ ሰው ያ የአሥር ዓመት መስኮት ይዘጋበታል።

ኤስኤስአይ፦ ወረቀቱ ለማን ይፈቅዳል?

ዜጋ ከሆኑ ጥያቄው ያበቃል። ዜጋ ላልሆነ ግን መንገዱ እንደ አመጣጡ ይለያያል፤ ይህንንም ያመጣው የነሐሴ 1996 ሕግ ነው።

በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ያ ፈቃድ ከተሰጠው ቀን ጀምሮ ለሰባት ዓመት ኤስኤስአይ መቀበል ይችላል። ግሪን ካርድ መያዙ ሰባቱን ዓመት አያራዝመውም። በስደተኝነት የገባ ሰው ግሪን ካርዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠርለት በአምስት ዓመት ለዜግነት ያመለክታል፤ የሚቀሩት ሁለት ዓመታት ናቸው። ጥገኝነት ላገኘ ሰው ግን ወደ ኋላ የሚቆጠርለት አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ጊዜው በጣም ይጠበዋል። የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ያዘገየ ሰው ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ዜግነት ሳይኖረው ክፍያው ይቆምበታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው አባት በአንድ ወር ውስጥ የቤት ኪራያቸውን አጡ።

በዲቪ ወይም በልጅ አቤቱታ የመጣ ግሪን ካርድ ያዥ ግን አምስት ዓመት መቆየትም፣ 40 ክሬዲት መያዝም ይጠበቅበታል። ሁለቱም አንድ ላይ ነው፤ አምስቱ ዓመት ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ጉዳይ ሲባል በትዳር ዘመን የተሠራ የባልና የሚስት ክሬዲት ሊደመር ይችላል። የልጅ ክሬዲት ግን ለወላጅ አይቆጠርም። «እኔ ሃያ ዓመት ግብር ከፍያለሁ፣ ለእናቴ እንዴት አይሆንም?» የሚል ልጅ ስንቱን አግኝቻለሁ፤ ቁጣው ይገባኛል፣ ደንቡ ግን አይፈቅድም። ወላጁን ያመጣ ልጅ የፈረመው የዋስትና ቃልም አለ፤ ወላጁ ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ክሬዲት እስኪሞላ ድረስ የልጁ ገቢ የወላጁ ገቢ ያህል ሊቆጠር ይችላል። የዲቪ ባለዕድል ይህ ዋስትና የለበትም፤ የ40 ክሬዲቱ ግዴታ ግን አይቀርለትም።

እንግዲህ በ68 ዓመቷ በልጇ የመጣች እናት ሁለት መንገድ አላት፤ አሥር ዓመት መሥራት ወይም ዜጋ መሆን። ዜግነቱ ያጥራል። እንግሊዝኛው ያስፈራታል። ዕድሜው 55 ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት ለኖረ፣ ወይም 50 ሆኖ 20 ዓመት ለኖረ ሰው ፈተናው በአማርኛ በአስተርጓሚ ይሰጣል፤ እሷ ግን ያን ያህል አልኖረችም። የማስታወስ ወይም የመማር ችሎታን የሚነካ ሕመም ካለባት ሐኪሟ ኤን 648 የሚባለውን ቅጽ ሊሞላላት ይችላል። ቅጹ ሕመሙ እንዴት ከመማር እንዳገዳት በዝርዝር ማስረዳት አለበት፤ «አርጅታለች» ብቻ የሚል ቅጽ ተመላሽ ይሆናል።

ኪስ ውስጥ ስንት ይፈቀዳል?

የፌዴራል ኤስኤስአይ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ሰው 994፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው። የንብረት ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ሲሆን ከ1989 ወዲህ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግፍ ነው፤ እንዲለወጥ ለተወካዮቻችሁ ጻፉ። እስኪለወጥ ድረስ ግን ያለው ይኸው ነው።

የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ባንክ ያለው ገንዘብ የሚታየው ወሩ ሲጀምር ነው። የእናታችሁ ዕቁብ ደርሶ 5,000 ዶላር ሂሳቧ ውስጥ ገብቶ ወሩ ሲለወጥ እዚያው ከተገኘ፣ ለዚያ ወር ክፍያ አይገባትም። ከልጇ ጋር በጋራ የያዘችው ሂሳብ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር ሙሉ በሙሉ የእሷ ተደርጎ ይወሰዳል። ወንድሜ «ለምቾት» ብሎ የእናታችንን ስም በራሱ ሂሳብ ላይ ማስገባቱን የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አገር ቤት ያለ፣ የማይኖሩበትና መሸጥ የሚቻል ቤት ይቆጠራል፤ ኪራዩም ገቢ ነው። «ሸጬ ለወንድሜ ልስጠው» ማለትም አያድንም። ንብረትን ከዋጋው በታች መስጠት እስከ 36 ወር ድረስ ከክፍያ ሊያስከለክል ይችላል።

ልጆች የሚረዱበት መንገድም ልዩነት ያመጣል። ለእናታችሁ 200 ዶላር በእጇ ብትሰጧት ገቢ ነው፤ ከወሩ የመጀመሪያ 20 ዶላር በስተቀር በሙሉ ይቀነስባታል። ያንኑ 200 ዶላር የስልኳን ሂሳብ ብትከፍሉበት አይቀነስም። ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ዘይቱን ገዝታችሁ ብታስገቡላትም አይቀነስም፤ ምግብ በስጦታ መልክ መምጣቱ ክፍያን መቀነሱ ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። መኖሪያው ግን ዛሬም ይታያል። ልጇ ቤት በነፃ የምትኖር እናት እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል ሊቀነስባት ይችላል። ኪራዩና መብራቱ 2,400 ሆኖ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ ድርሻዋ 400 ነው፤ ያንን በየወሩ ከፍላ ደረሰኙን ከያዘች ቅነሳው ይቀርላታል።

የሥራ ገቢ ይበልጥ ይታዘንለታል። በወር 485 ዶላር የምታገኝ እናት መጀመሪያ 20፣ ከዚያ 65 ይነሣላታል፤ ከቀሪው 400 ደግሞ ግማሹ ብቻ ይቆጠራል። ኤስኤስአይዋ 794 ይሆናል፤ በድምሩ 1,279 ዶላር በእጇ ይገባል።

ሁለቱን አንድ ላይ መቀበል

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው። ጡረታው ትንሽ ከሆነ በኤስኤስአይ ይሞላል። 600 ዶላር ጡረታ ያለው ብቸኛ አባት 20 ተነሥቶለት 580 ይቆጠርበታል፣ 414 ዶላር ኤስኤስአይ ይጨመርለታል፤ 1,014 ዶላር ይሆናል።

አንድ ባልና ሚስት አስቡ፤ ሁለቱም 67፣ የሱ ጡረታ 1,000፣ የሷ በሱ በኩል 500፣ ባንክ ውስጥ 3,000 ዶላር አይሞላም። ከ1,500 ላይ 20 ሲነሣ 1,480 ነው። ከ1,491 ጋር ሲተያይ 11 ዶላር ኤስኤስአይ ይገባቸዋል። «ለ11 ዶላር ብዬ ቢሮ ልመላለስ?» ይላሉ አባት። ይመላለሱ! ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ሜዲኬይድ የሚባለውን ለችግረኛ የሚሰጥ የሕክምና ሽፋን በቀጥታ ያገኛል፤ የሜዲኬር ወርኃዊ ክፍያቸውንም ሊሸፍንላቸው ይችላል። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ግን ሜዲኬይዱ የራሱ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ ኤስኤስአይ መጣ ብለው የተቀመጡ አረጋውያን ሐኪም ቤት ደርሰው ነው የሚነገራቸው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በኤስኤስአይ መኖሩ የማይቀር ሰው እስከ 70 መታገሡ ብዙ አይጠቅመውም፤ የጨመረው ጡረታ ከኤስኤስአዩ ላይ ዶላር በዶላር ይቀነሳልና። ከ65 ዓመት ጀምሮ ኤስኤስአይ የሚጠይቅ ሰውማ የሚገባውን ጡረታ እንዲጠይቅ ይገደዳል።

አገር ቤት ለመኖር ለሚያስብ

ምርጫውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ጡረተኛ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ተቀምጦ ጡረታውን ይቀበላል። ዜጋ ያልሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየ ሊቋረጥበት ይችላልና ሳይነሣ ይጠይቅ። ሜዲኬር በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም።

ኤስኤስአይ ከአሜሪካ አይወጣም። 30 ተከታታይ ቀን ወይም አንድ ሙሉ ወር ውጭ የቆየ ሰው ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን እስኪቆይ አይቀጥልም። ለተዝካር፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት ሄዶ «ትኬቱ ውድ ነው» ብሎ ሁለት ወር የሚቆይ አረጋዊ ይህን አስልቶ ይሂድ። ቢቻል ከ30 ቀን በታች፤ ካልተቻለም ሳይሄድ ያሳውቅ። ሳያሳውቁ የሄዱበት ጊዜ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ማኅተም ይታወቃል።

ክፍለ ሀገሩ የሚጨምረው

ካሊፎርኒያ በፌዴራሉ ኤስኤስአይ ላይ የራሷን ጭማሪ ትከፍላለች፤ ሚኔሶታም ለኤስኤስአይ ተቀባዮች የራሷ ድጎማ አላት። ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፋ በመኖሪያ ፈቃዳቸው ምክንያት ብቻ ኤስኤስአይ ለተከለከሉ አረጋውያን ካፒ የሚባል የገንዘብ እርዳታ ትሰጣለች፤ የሎስ አንጀለስና የኦክላንድ ወገኖቻችን ይጠይቁት። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የምግብ መግዣ እርዳታው፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐምሌ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከዚያ አስወጥቷቸዋል፤ ግሪን ካርዱን ላለማዘግየት ሌላ ምክንያት ይኸው።

ስታመለክቱ

ኤስኤስአይ ወደ ኋላ አይከፈልም። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪሟላ አትጠብቁ። በ1-800-772-1213 ደውላችሁ ማመልከት እንደምትፈልጉ ከተናገራችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ቅጹ እስከገባ ድረስ የደወላችሁበት ቀን ይያዝላችኋል። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ማስተርጎም ግዴታ አይደለም። ይህን የምለው አንድ «ቅጽ እሞላለሁ» ባይ ከአንዲት አሮጊት 400 ዶላር ተቀብሎ አገር ቤት ያላትን ቤት ሳይጽፍ ስለቀረ ነው። የፈረመችው እሷ ናት፣ ተጠያቂዋም እሷ ሆነች።

አድራሻ፣ ገቢ፣ ጉዞ፣ የቤተሰብ ብዛት ሲለወጥ እስከሚቀጥለው ወር አሥረኛ ቀን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክፍያን የሚቀንስ ወይም የሚያስቆም ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፤ ደብዳቤው በደረሰ በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላችሁ ግን ኤስኤስአዩ እስኪወሰን ድረስ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ትርፍ ተከፍሏል ከተባለም፣ ጥፋት የሌለበትና መመለስ የማይችል ሰው ዕዳው እንዲነሣለት በኤስኤስኤ 632 ቅጽ ይጠይቃል።

እናቴም ጠየቀች፤ የቀብሩ ገንዘብ ምን እንደነበረ በራሷ አንደበት በአስተርጓሚ አስረዳች። ዛሬ ሁለት የባንክ ደብተር አላት። በአንደኛው ላይ በትልልቅ ፊደል «ለቀብር» ብላ ራሷ ጽፋበታለች። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ትደውልልኛለች፤ የሌላኛውን ቀሪ ሂሳብ በስልክ አነብላታለሁ።